«አይዞህ» ካልን በኋላ

(ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በሚገኝ አንድ አዳራሽ፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ ለተሰበሰቡ የቢሮ፣ የሆቴልና የንግድ ቤት ሠራተኞች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። አብዛኞቻችሁ ከሥራ በቀጥታ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። የሜክሲኮና የስታዲየም የታክሲ ሰልፍ ከፊታችሁ እያለ እዚህ መቀመጣችሁ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ቶሎ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

የተጠራሁት ዓለምን ያናወጠ ችግር ሲመጣ ሠራተኛ እንዴት ይቋቋመዋል፣ ባልደረባውንስ እንዴት ይረዳል በሚለው ላይ እንድናገር ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያ አይደለሁም። ቸርችል ጎዳና አካባቢ ባለ አንድ መድኃኒት አስመጪና አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ የሰው ኃይል አስተዳደር ላይ ነው የሠራሁት። ኮሮና ሲገባ እዚያው ነበርኩ። የመድኃኒት መጋዘን ደግሞ አይዘጋም። ሌላው ቤቱ ሲከተት እኛ መድኃኒት ስናወጣ፣ ስንቆጥር፣ ስንጭን ነበር። የምነግራችሁ ከዚያ ያየሁትን ነው።

ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር። ክፉ ቀን ሲመጣ የሚጸናው ልቡ የጠነከረ ሰው ነው ሲባል አልስማማም። ጠንካራ የምንላቸው ሰዎች ሲሰበሩ አይቻለሁ። ቶሎ የሚደነግጡ የምንላቸው ደግሞ እስከ መጨረሻው ሲዘልቁ አይቻለሁ። ልዩነቱን ያመጣው ዙሪያቸው የነበረው አሠራር ነው። ወደ ሥራ በምን ይመጣሉ? ቢታመሙ ማን ይተካቸዋል? ቤት ሲውሉ ማን ይደውልላቸዋል? ደመወዝ ይገባል አይገባም የሚለውን በግልጽ የነገራቸው አለ ወይ? «አይዞህ» መባባል ደስ የሚል ባህላችን ነው፤ እኔም አብዝቼ እለዋለሁ። ጥያቄዬ አይዞህ ካልነው በኋላ ምን አደረግንለት የሚል ነው።

እስቲ ያንን ጊዜ እናስታውሰው። የዓለም ጤና ድርጅት ኮሮና ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ሆኗል ያለው መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። እኛ አገር የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ የተነገረው በሁለተኛው ቀን፣ ዓርብ መጋቢት 4 ነበር። ወዲያው ትምህርት ቤት ተዘጋ። ልጅ ያለው ሠራተኛ ሁሉ በአንድ ቀን «ልጄን የት ላድርገው?» የሚል ጥያቄ ይዞ ቀረ። መጋቢት 14 ከውጭ የሚገባ መንገደኛ ለ14 ቀን ተለይቶ እንዲቆይ ተደረገ። ለዚህ ከተመደቡት ሆቴሎች አንዱ እዚሁ ጎረቤታችን ያለው ጊዮን ነበር። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። መጨባበጥ ሳይቀር በሕግ ተከለከለ። ታክሲ በግማሽ ሰው እንዲጭን ሆነ፤ ታሪፉም እጥፍ ገባ።

ሲወራ የሚረሳ አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ሙሉ በሙሉ ተዘግታ አታውቅም። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች አብዛኛውን ሠራተኛቸውን ከቤት እንዲሠራ አድርገው ነበር። ጥበቃው፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ካሸሯ፣ ሾፌሩ፣ ነርሷ፣ ዳቦ ጋጋሪው ግን ከቤት ሆነው የሚሠሩት ሥራ የላቸውም። ስለ ሥራ ቦታ ጽናት የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ላፕቶፕ ላለው ሰው የተጻፈ ይመስለኛል። እኔ ዛሬ ስለ ሌሎቹ አበዛለሁ።

እኛ ጋ በጽዳት የምትሠራ አንዲት እናት ነበረች። ሁላችንም እትዬ እንላታለን። ቤቷ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። የታክሲ ዋጋ እጥፍ ከሆነ በኋላ ጠዋት ስትገባ ሸበጥ አድርጋ፣ የሥራ ጫማዋን በፌስታል ይዛ፣ ነጠላዋ በላብ ርሶ ነው። ከፈረንሳይ ቸርችል በእግሯ ነበር የምትመጣው። ማታም እንደዚያው። አንድም ቀን አልተናገረችም። ያወቅነው በር ላይ ያለው ጥበቃ ስለነገረን ነው። ጥበቃ ብዙ ነገር ያያል፤ እናንተም መሥሪያ ቤት ሰው እንዴት እንደሰነበተ ማወቅ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ጥበቃውን ጠይቁ።

ለእሷ ገንዘብ ማዋጣት ይቻል ነበር። አንድ ሳምንት ይሠራ ነበር፤ ሁለተኛው ሳምንት ላይ እሷም ትሳቀቃለች፣ አዋጪውም ይደክማል። የመጋዘን ኃላፊያችን ያደረገው ሌላ ነው። አንድ ወረቀት አወጣና የእያንዳንዱን ሠራተኛ ሠፈር ጻፈ። ፈረንሳይ፣ ሽሮ ሜዳ፣ አስኮ፣ ሳሪስ፣ ጀሞ። መድኃኒት የሚያደርሱት መኪኖች ጠዋት ከሾፌሮቹ ሠፈር ባዶአቸውን ነበር የሚመጡት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየመንገዳቸው ሰው እያነሱ እንዲመጡ ተደረገ። በአንድ መኪና ስንት ሰው እንደሚቀመጥ፣ መስኮት ተከፍቶ እንደሚነዳ ተስማማን። ለነዳጅ የተጨመረው ትንሽ ነው። እትዬም በማንም ፊት ሳትለምን፣ እንደማንኛውም ሠራተኛ ተራዋን ጠብቃ መሳፈር ጀመረች። ይሄ ነው እርዳታ ስል በአእምሮዬ የሚመጣው።

ፈረቃውም እንዲሁ ነው። ሠራተኛውን ለሁለት ከፈልነው። አንዱ ቡድን ሳምንት ሲገባ ሌላው ቤቱ ይውላል። ሁለቱ በአካል አይገናኙም፤ ርክክቡ በመዝገብና በስልክ ነው። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ ከአንዱ ቡድን ሰው ቢያዝ ሌላው መጋዘኑን ይዞ ይቀጥላል። ያላሰብነው ጥቅም በኋላ መጣ። ሰዉ የሚያርፍበትን ቀን አወቀው። በሽታው መቼ እንደሚያልፍ ማንም አያውቅም፤ ቅዳሜ ማን ተረካቢ እንደሆነ ግን ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። «እስከ ቅዳሜ ልበርታ» ማለት የሚቻል ነገር ነው።

ወሬውንስ? ያን ሰሞን የነጭ ሽንኩርትና የሎሚ ዋጋ የት እንደደረሰ ታስታውሳላችሁ። ስልካችን ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኽ ያድር ነበር። አንዱ «ይሄን ጠጡ» ይላል፣ ሌላው ሬሳ ያሳያል። እኛ ጋ አንድ ፋርማሲስት ነበር። የያኔዋ የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ በየቀኑ ያወጡት የነበረውን መግለጫ እሱ ያነባል፣ በቀላል አማርኛ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ያስረዳል። ሌላ ነገር እዚያ አይለጠፍም። ጥያቄ ያለው እሱን ይጠይቃል፤ ምልክት የታየበት 8335 ይደውላል። ያቺ ግሩፕ ቀን በቀን ጸጥ እያለች ሄደች።

ስለ ገንዘብ ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ፍርሃቱ ግማሹ እሱ ነበር። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 8.8 በመቶ የሚሆን የሥራ ሰዓት እንደጠፋ ገምቷል። ይህም 255 ሚሊዮን ሰው ዓመቱን ሙሉ ከሚሠራው ሥራ ጋር እኩል ነው። እኛ አገር በአስቸኳይ ጊዜ ደንቡ አሠሪ ሠራተኛ እንዳያሰናብት፣ አከራይም ተከራይ እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ተከልክሎ ነበር። ጥሩ ሕግ ነበር። ቢሆንም ሰው እንቅልፍ የሚወስደው ቀጣሪው ፊት ለፊት ሲነግረው ነው። የድርጅታችን ባለቤት ግቢው ውስጥ አራርቀው አቆሙንና እንዲህ አሉ፦ «የሦስት ወር ደመወዝ የሚሆን ገንዘብ አለ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ዛሬ አላውቅም። ያወቅሁ ቀን ከማንም በፊት እናንተ ትሰማላችሁ።» የምሥራች አይደለም። የሰዉ ፊት ግን ተፈታ። እዚህ መካከላችን ኃላፊዎች ካላችሁ ይህን አደራ እላለሁ፤ የምታውቁትን እስከምታውቁት ድረስ ተናገሩ። ዝም ስትሉ ሠራተኛው ዝምታውን በክፉ ይተረጉመዋል።

ሥራ ሲጠፋ ለሰው ሌላ ሥራ መፈለግም አንድ መንገድ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መንገደኛ ሲጠፋበት የበርካታ አውሮፕላኖቹን ወንበር ነቅሎ ዕቃ ጫነባቸው፤ ለአፍሪካ አገሮች የተላከ የሕክምና ቁሳቁስ በቦሌ በኩል ተሠራጨ። እኛም በአቅማችን በየፋርማሲው እየዞሩ ይሸጡ የነበሩትን ልጆች ስልክ ላይ አስቀመጥናቸው። ትዕዛዝ ይቀበላሉ፣ የጎደለ መድኃኒት የት እንዳለ ያፈላልጋሉ። የሚጠበቅብኝ ሥራ አለ ብሎ ጠዋት መነሳት ለሰው ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልሂድ። ባልደረባህ መጎዳቱን እንዴት ታውቃለህ?

እኛ ዘንድ «ደህና ነህ?» ብለህ ብትጠይቅ መልሱ አንድ ነው። «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» «አልሐምዱሊላህ።» ቤቱ እየተቃጠለም ይሄንኑ ነው የሚልህ። ይሉኝታው አለ፣ ምስጋናውም ከልብ ነው። ስለዚህ ሰላምታ ሰላምታ ነው፤ ከሱ መረጃ አትጠብቁ። ጠባብ ጥያቄ ጠይቁ። «ትናንት ማታ ስንት ሰዓት ተኛህ?» «ልጆቹን ማን ይዟቸዋል?» «ምሳ ይዘሻል?» መርዳት ስትፈልጉም «የምረዳህ ነገር ካለ ንገረኝ» አትበሉ። እንደዚያ ሲባል የሚናገር ሰው የለም። «የዛሬውን ሪፖርት እኔ ልሙላልህ ወይስ እስከ ነገ ይቆይ?» በሉት። ሁለት ነገር ስትሰጡት አንዱን ይመርጣል። እምቢ የሚልበት ይሉኝታ ይቀንሳል።

ከዚያ በፊት ደግሞ ማየት አለ። ከአራት ሰዓት ሻይ ቀርቶ የማያውቅ ሰው መቅረት ሲጀምር። ቀልደኛው ዝም ሲል። እኛ ጋ የነበረችው ካሸር ሒሳቧ በሳንቲም አይዛነፍም። ክረምቱ ሲገባ በተከታታይ ቀናት ጎደለባት። ደንቡን ብንከተል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ግን ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠችና፣ ስለ ጎደለው ብር ሳታነሳ፣ «እህትሽ እንዴት ናት?» ብላ ጠየቀቻት። እህቷ ነርስ ናት። ሚሊኒየም አዳራሽ አንድ ሺህ ገደማ አልጋ ገብቶበት የኮሮና ማከሚያ ሲሆን እዚያ ከተመደቡት አንዷ ነበረች፤ ወደ ቤት አትመለስም። የእህቷን ሕፃናት የያዘችው ይህችው ካሸር ናት። ሌሊት ታጠባለች፣ ታበላለች፣ ጠዋት መጥታ ብር ትቆጥራለች። ሁለቱ ተነጋግረው ከዚያን ቀን ጀምሮ የማታውን ሒሳብ ኃላፊዋ መዝጋት ጀመረች፤ ካሸሯ አሥር ሰዓት ላይ ወደ ልጆቹ ትሄዳለች። ሒሳቡ ዳግም አልጎደለም።

የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ለመስክ ሠራተኞች ያወጡት የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ይህንኑ በሦስት ቃል ያስቀምጠዋል፤ ተመልከት፣ አድምጥ፣ አገናኝ። ሰውዬውን ታሪክህን ካልነገርከኝ ብሎ መጫን እንደማይገባም ይናገራል። የሒሳብ ኃላፊዋ ይህን መመሪያ አንብባ አታውቅም። ሴትዮዋን ግን ታውቃታለች።

ሐዘንም ነበረብን። ከሾፌሮቻችን የአንዱ እናት ዐረፉ፤ በሌላ ሕመም ነው። በሌላ ጊዜ ቢሆን ሁላችንም በአንድ መኪና ተጭነን ድንኳኑን እንሞላው ነበር። ያን ጊዜ አይቻልም። ስለዚህ ተራ አወጣን፤ በየሁለት በየሦስት ቀኑ ሁለት ሁለት ሰው፣ ራቅ ብሎ ተቀምጦ፣ እስከ አርባው ድረስ። ቆይቶ የነገረኝን አልረሳውም። «እንደ ድሮው ቢሆን ሦስት ቀን ቤቱ ሞልቶ፣ በአራተኛው ብቻዬን እቀር ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው። ዛሬ ማንም አልከለከለንም፤ እኛ ግን አሁንም ባልደረባ ሐዘን ሲደርስበት ተራውን እናወጣለን።

ስለ ረዳቱ ልናገር። በየመሥሪያ ቤቱ ሁሉም የሚደውልለት አንድ ሰው አለ። ምናልባት እዚህ ከተቀመጣችሁት አንዳንዶቻችሁ ያ ሰው ናችሁ። የታመመ ሲኖር እሱ ነው የሚጠራው፤ የተጣላ ሲኖር እሱ ነው የሚያስታርቀው። እሱን ማን ያየዋል? የዓለም ጤና ድርጅት የሥራ ዝለትን በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ ውስጥ ሲገልጸው፣ ለረጅም ጊዜ ከቆየና መላ ካልተበጀለት የሥራ ጫና የሚመጣ ነው ይላል። መልኩ ሦስት ነው። አቅም ይሟጠጣል፤ ሰውዬው ከሥራው በልቡ ይርቃል፣ ይመረዋል፤ የሚሠራው ሁሉ ዋጋ ያለው አይመስለውም። ይኸው ድርጅት በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ጭንቀትና ድባቴ በዓለም ዙሪያ በ25 በመቶ እንደጨመሩ አስታውቋል። በእኔ ትዝብት ከሁሉ ቀድሞ የሚመረው ደጉ ሰው ነው። ድንገት ሰው ላይ መጮኽ ሲጀምር «ምን ነካው?» እንላለን። የነካው ብዙ ሰው ብቻውን መሸከሙ ነው።

እኛ የደዋይነቱን ሥራ በየሳምንቱ አዟዟርነው። ቤት ለዋሉት የሚደውለው፣ የቸገረውን የሚያዳምጠው ሰው በየሰኞው ይቀየራል። ተራውን የጨረሰ ስልኩን የመዝጋት መብት አለው። መጀመሪያ ላይ «እኔ ምን እላለሁ?» ያሉ ነበሩ። ምንም ማለት አይጠበቅባቸውም፤ መደወል ነው። ከደዋዮቹ መካከል ጥሩ አዳማጭ ሆኖ የተገኘው ማንም ያልጠበቀው፣ ከጭነት ክፍል የነበረ ዝምተኛ ልጅ ነው።

ይህች ከተማ እንዲህ ያለ ነገር ስታይ የመጀመሪያዋ አልነበረም። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደፈጀ ይገመታል። ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። የኅዳር በሽታ ብለን የምንጠራው እሱን ነው። ኅዳር 12 ቀን በየደጃችን ቆሻሻ ሰብስበን የምናጥነውም ከዚያ ጊዜ ጋር ተያይዞ ይነገራል። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ ሁሉ ሞት ለልጅ ልጅ የተላለፈው ነገር ቀን የተቆረጠለት የጋራ ሥራ መሆኑ ነው። መጥረጊያ፣ ክብሪት፣ እያንዳንዱ በየደጁ።

ዕድርም እንደዚያው ነው። ማንም ሰው ሲሞትበት ሄዶ ዕድር አይመሠርትም። ሁሉም ደህና ሳለ ነው በየወሩ የሚከፈለው፤ ድንኳኑም ድስቱም ቀድሞ ተገዝቶ ነው የሚቀመጠው። መሥሪያ ቤቶቻችን ይህን ቢማሩ እመኛለሁ። የቤተሰብ ስልክ ቁጥር፣ የሠፈር ዝርዝር፣ ትንሽ መጠባበቂያ፣ ይሄ ሁሉ ዛሬ በሰላሙ ቀን የሚሠራ ነው። ከምን እንጀምር ካላችሁኝ ከተተኪ ጀምሩ እላለሁ። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ሥራ አይኑር። የኮምፒውተሩን ፓስወርድ፣ የመጋዘኑን ቁልፍ፣ የአቅራቢውን ስልክ አንድ ሰው ብቻ ከያዘው ያ ሰው መታመም አይችልም ማለት ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ዲግሪ ትኩሳት ይዞትም ይመጣል ብላችሁ ነው የምትኖሩት። ተተኪ ያለው ሰው ግን ሲደክመው «ደከመኝ» ይላል።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ተጠየቀ፤ ሁለቱን ላስፍር።

አንዲት የሆቴል ሠራተኛ «አለቃችን ለዚህ ሁሉ ግድ ባይኖረውስ?» አለችኝ። መልሴ ይህ ነበር። የስልክ ተራ ለማውጣት የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። ከምትቀርቢያቸው ሁለት ሰዎች ጋር ዛሬ ማታ መጀመር ትችያለሽ። ለፈረቃና ለእረፍት ግን አለቃ ያስፈልጋል። ስትሄዱ ሦስት አራት ሆናችሁ፣ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ያለፈው ወር ስንት ሰው እንደቀረ፣ በዚያ ምክንያት ምን ሥራ እንደተስተጓጎለ፣ ምን ቢደረግ እንደሚሻል ጻፉት። ብሶት ይዛችሁ ከገባችሁ ያጽናናችሁና ይሸኛችኋል። ወረቀት ከያዛችሁ መልስ መስጠት ግድ ይሆንበታል።

በአንድ የግል ድርጅት የምትሠራ ወጣት ደግሞ ሁሉም በተቸገረበት ጊዜ የራስን ሕመም ማንሳት ነውር አይሆንም ወይ ብላ ጠየቀች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እህቴ፣ የሕመም ፈቃድ ማንም የሚቸርሽ ችሮታ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲታመም እስከ ስድስት ወር ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። የሚያስፈልግሽ የሐኪም ማስረጃ ነው። የአእምሮ ሕመምም ሕመም ነው፤ አማኑኤል አለ፣ ጥቁር አንበሳ አለ፣ ጳውሎስ አለ። ነገ ጠዋት ሂጂና ታዪ። ለመሥሪያ ቤትሽ የምታስገቢውን ማመልከቻ መጻፍ ከከበደሽ ስንጨርስ በሩ ጋ ጠብቂኝ፤ እዚሁ አብረን እንጽፈዋለን።